የጨረር ሐኪሙ «አላውቅም» ሲል

የካንሰር ሐኪም ለታካሚው ሊናገራቸው ከሚከብዱት ቃላት መካከል «አላውቅም» የሚለው ሳይገኝበት አይቀርም። ከዓመታት በፊት፣ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት አንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ ከጨረር ሐኪሟ ፊት ተቀምጣለች እንበል። ሐኪሙ ቀሪውን የጨረር ሕክምና በ15 ቀን ወይም በ5 ቀን መስጠት እንደሚቻል፣ ሁለቱም በሽታው እንዳይመለስ እኩል ይከላከላሉ ተብሎ ቢገመትም ገና እንዳልተረጋገጠ፣ በጥናቱ ለመሳተፍ ከፈቀደች ደግሞ ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርሳት የሚወስነው እሱም እሷም ሳይሆኑ በኮምፒውተር የሚወጣ ዕጣ እንደሆነ ያስረዳታል። እሷ የፈቃድ ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ ጠረጴዛው ላይ መልሳ ታስቀምጥና «ዶክተር፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?» ትለዋለች። ሐኪሙ ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ካለው፣ ማለትም አንደኛው ከሌላኛው እንደሚሻል በልቡ ካመነ፣ መጀመሪያውኑ ለዕጣ ሊያቀርባት አይገባም ነበር።

ታካሚን በዕጣ መመደብ ከሥነ ምግባር አንጻር የሚፈቀደው የትኛው ሕክምና እንደሚሻል ባለሙያዎቹ በእውነት በማያውቁበት ሁኔታ ብቻ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ለዓመታት አንድን ሕክምና ሲሰጥ የኖረ ስፔሻሊስት ያንን ሕክምና «አላውቀውም» ብሎ ለፍርድ ማቅረቡ ቀላል አይደለም። በእኔ እይታ የካንሰር ሕክምናን በእጅጉ ከለወጡት የጨረር ሙከራዎች ብዙዎቹ አዲስ መሣሪያ ይዘው የመጡ አይደሉም። ሁሉም ሐኪም እርግጠኛ በነበረበት ልማድ ላይ ጥያቄ ያነሡ ናቸው፤ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው።

ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐኪሞች ጨረሩን በካንሰር ላይ መሞከር የጀመሩት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ብዙ ጨረር በጥቂት ጊዜ የሚሰጥባቸው ስለነበሩ ዕጢው ሲሟሽሽ ቆዳውና በዙሪያው ያለው ጤናማ አካልም አብሮ ይቃጠል ነበር። በፓሪስ ይሠሩ የነበሩት ክሎዲየስ ሬጎና ባልደረቦቹ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት አውራ በጎችን በጨረር ለማምከን ባደረጉት ሙከራ ነው። ጨረሩን በአንድ ጊዜ ሲሰጡት በጉ የሚመክነው የዘር ፍሬ ከረጢቱ ቆዳ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ በተለያዩ ቀናት ከፋፍለው ሲሰጡት ግን ቆዳው ተረፈ፣ በጉም መከነ። ያለ ዕረፍት የሚባዙት የዘር ሕዋሳት የካንሰርን፣ ቆዳው ደግሞ የጤናማውን አካል ቦታ ይዘው ታዩ ማለት ነው። በ1920ዎቹ ሄንሪ ኩታር ይህንኑ አካሄድ በጉሮሮ ካንሰር ታካሚዎች ላይ ሥራ ላይ አዋለው።

ምክንያቱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ጨረር የሕዋሱን ዲኤንኤ ይሰብራል፤ ጤናማ ሕዋስ ስብራቱን በሰዓታት ውስጥ የመጠገን አቅም ሲኖረው የካንሰር ሕዋስ ግን በአብዛኛው ጠጋኙ የተበላሸበት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስጠት ለጤናማው ፋታ፣ ለበሽተኛው ደግሞ የተከማቸ ጉዳት ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚለው ሥርዓት ተተከለ። ግሬይ የሚባለው መለኪያ በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ስም የተሰየመ ሲሆን አንድ ኪሎግራም አካል አንድ ጁል የጨረር ኃይል ተቀበለ ማለት ነው። ለጡት ካንሰር 50 ግሬይ በ25 ቀን፣ ማለትም አምስት ሳምንት፣ በብዙ አገሮች እንደ ሕግ ተያዘ። ቅዳሜና እሁድ የሚታለፉትም ዕጢው ስለሚያርፍ ሳይሆን ሠራተኛው ስለሚያርፍ ነው። ይህን ማንሣቴ ለቀልድ አይደለም፤ በሥነ ሕይወት የተረጋገጠውና በአሠራር የተለመደው ነገር በአንድ ሕክምና ውስጥ ምን ያህል ተቀላቅለው እንደሚኖሩ ስለሚያሳይ ነው።

አዲስ ሕክምና ወደ ታካሚ የሚደርሰው በታወቁት ሦስት ምዕራፎች ነው። በመጀመሪያው ጥቂት ሰዎች ላይ የሚቻለው መጠን ይፈተሻል፣ በሁለተኛው ሕክምናው ዕጢው ላይ ፋይዳ ማሳየቱ ይታያል፣ በሦስተኛው ከነባሩ ሕክምና ጋር በዕጣ ይነጻጸራል። የጨረር ሙከራ ግን ከመድኃኒት ሙከራ የሚለይባቸው ነገሮች አሉ። የመድኃኒት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ሲታይ፣ ጨረር በልብ፣ በሳንባ፣ በአንጀት ወይም በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሁለት ዓመት ውጤት ይዞ «ጉዳት የለውም» ማለት አይቻልም። ሌላው ልዩነት መሸፈኛ ማጣቱ ነው። በመድኃኒት ሙከራ አንዱ እንክብል እውነተኛ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ታካሚውም ሐኪሙም ሳያውቁ ሊቀርብ ይችላል፤ 5 ቀን ወይም 15 ቀን የተመላለሰች ታካሚ ግን የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሆነች ታውቀዋለች። ተመራማሪዎች ይህን ለማካካስ ዘዴ ፈጥረዋል። ለምሳሌ በእንግሊዝ የጡት ካንሰር ሙከራዎች የታካሚዎቹ ጡት ከሕክምናው በፊትና ከዓመታት በኋላ ፎቶግራፍ ይነሣና የትኛው ፎቶ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ የማያውቁ ሰዎች ለውጡን እንዲመዝኑ ይደረጋል።

ልማድን ስለመፈተን ሲነሣ ከቀዶ ሐኪሙ ከበርናርድ ፊሸር ሥራ መጀመር ግድ ነው። ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ያስፋፋው የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ጡቱን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት የሊምፍ ዕጢዎች ጋር አንድ ላይ የሚያወጣ ነበር። መነሻ ሐሳቡ ካንሰር ከምንጩ ወደ ዙሪያው በሥርዓት ስለሚስፋፋ ቢላዋው በራቀ ቁጥር መዳኑ ይጨምራል የሚል ነው። አካሄዱ በሙከራ ሳይፈተን ለሰማንያ ዓመት ያህል ቆየ፤ ሴቶች ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ክንዳቸው አብጦ ኖሩ። ፊሸር ግን ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ በደም ሊሰራጭ እንደሚችል፣ ስለዚህ የቀዶ ሕክምናው ስፋት ዕድሜን እንደማይወስን ጠረጠረ። በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራው ሃልስቴዳዊውን ቀዶ ሕክምና ጡቱን ብቻ ከማውጣት ጋር አነጻጸረ። በ1976 በተጀመረው ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄዶ ሦስት ቡድን አቆመ፤ ጡቱ ሙሉ በሙሉ የሚወጣላቸው፣ ዕጢው ብቻ የሚወጣላቸው፣ እና ዕጢው ወጥቶ ጡቱ ላይ ጨረር የሚሰጣቸው።

ሃያ ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት በ2002 ሲታተም ውጤቱ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይናገር ነበር። በሦስቱ ቡድኖች መካከል በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልታየም። ዕጢው ብቻ ከወጣላቸው ሴቶች ውስጥ ግን ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው 39.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ጨረር በተጨመረላቸው ቁጥሩ ወደ 14.3 በመቶ ወረደ። ጡትን ማትረፍ የሚቻል መሆኑ የተረጋገጠው በዚህና በጣሊያን ሚላን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በመራው ተመሳሳይ ሙከራ ነው። እነዚህ ሙከራዎች ባይደረጉ ኖሮ ጨረር የቀዶ ሕክምና ጭራ ሆኖ ይቀር ነበር።

የፊሸር ጥናት ታሪክ ግን ንጹሕ ውኃ አይደለም። በካናዳ ሞንትሪያል ታካሚዎችን ወደ ጥናቱ ያስገባ የነበረ አንድ ቀዶ ሐኪም መስፈርቱን የማያሟሉ ሴቶችን ለማስገባት መረጃ መቀየሩ ተደረሰበት፤ ነገሩ በ1994 ለሕዝብ ሲገለጥ ጡታቸውን በዚያ ጥናት ተማምነው ያተረፉ ሴቶች በድንጋጤ ተዋጡ፣ ፊሸርም ከኃላፊነታቸው እንዲነሡ ተደረገ። የሞንትሪያሉ ሐኪም ታካሚዎች ከሒሳቡ ወጥተው መረጃው እንደገና ሲተነተን ውጤቱ አልተለወጠም። ከዚህ የምወስደው ነገር ካለ፣ ብዙ ሆስፒታሎችን ያቀፈና በሌላ አገር በሌላ ቡድን የተደገመ ሙከራ አንድ ሰው ቢዋሽ እንኳ መቆም መቻሉን ነው። ሐኪሙ ያደረገውን ያደረገው «ለታካሚዎቼ ይበጃል» ብሎ ማመኑን ለራሱ መከላከያ ማቅረቡም የሚገርም ነው፤ እርግጠኝነት ሙከራን የሚያበላሽበት መንገድ ብዙ ነው።

ጨረሩ አስፈላጊ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጥያቄው ወደ «ስንት ቀን?» ዞረ። በካናዳ 1234 ሴቶችን ያሳተፈ ሙከራ 50 ግሬይ በ25 ቀን የሚሰጠውን 42.5 ግሬይ በ16 ቀን ከሚሰጠው ጋር አነጻጸረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በቅደም ተከተል 6.7 እና 6.2 በመቶ ነበሩ። በእንግሊዝ የተካሄዱት ስታርት የተባሉ ሙከራዎችም 40 ግሬይ በ15 ቀን በቂ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እዚያው ቆመው አልቀሩም። ፋስት ፎርዋርድ የተባለው ሙከራ ከ2011 ጀምሮ በ97 ሆስፒታሎች 4096 ታካሚዎችን መዝግቦ ሦስት ሳምንት የሚወስደውን 40 ግሬይ በአንድ ሳምንት፣ በ5 ቀን፣ ከሚሰጡ ሁለት መጠኖች ጋር አወዳደረ፤ 27 ግሬይ እና 26 ግሬይ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው በሦስት ሳምንቱ 2.1 በመቶ፣ በ27 ግሬዩ 1.7 በመቶ፣ በ26 ግሬዩ 1.4 በመቶ ነበሩ። የጎንዮሽ ጉዳቱን በተመለከተ 26 ግሬይ ከሦስት ሳምንቱ ጋር ተቀራራቢ ሲሆን 27 ግሬይ ግን በጡቱ ላይ የበለጠ ለውጥ አስከትሏል። በአምስት ቀን ውስጥ የተደረገ የአንድ ግሬይ ልዩነት በሰው አካል ላይ ይታያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ የጥናት ዓይነት አለ። ፋስት ፎርዋርድ አጭሩ ሕክምና እንደሚበልጥ ለማሳየት አልተነሣም፤ ከነባሩ እንደማያንስ ለማሳየት ነው የተነሣው። እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ተመራማሪዎቹ ምን ያህል ልዩነት «ማነስ» እንደሚባል መወሰን አለባቸው፤ በዚህ ጥናት የተቀመጠው ወሰን 1.6 በመቶ ነጥብ ነበር። ወሰኑ ሰፊ ከሆነ ደካማ ሕክምናም «አያንስም» ተብሎ ሊያልፍ ስለሚችል፣ «አዲሱ ሕክምና ከነባሩ እኩል ነው» የሚል ዜና ሲነበብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወሰኑ ስንት ነበር የሚለው ነው። የፋስት ፎርዋርድ ውጤት የታተመው በኤፕሪል 2020፣ ማለትም ኮቪድ ሆስፒታሎችን ባጨናነቀበትና እያንዳንዱ ምልልስ አደጋ በነበረበት ወቅት በመሆኑ በብዙ ቦታ ባልተለመደ ፍጥነት ተግባራዊ ሆነ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ባይኖር ኖሮ ስንት ዓመት ይፈጅ እንደነበር እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ሐኪም ወይም ሆስፒታል በምልልስ ቁጥር በሚከፈልበት ሥርዓት ውስጥ ምልልሱን የሚቀንስ ግኝት ብዙ ወዳጅ የለውም።

ይህ ወደ ገንዘብ ጥያቄ ይወስደናል። አዲስ መድኃኒት ያለው ኩባንያ ሙከራውን ራሱ ይከፍላል፤ ቢሳካለት ወጪውን መልሶ ያገኛልና። ጨረሩን ከ15 ቀን ወደ 5 ቀን በማሳጠር የሚያተርፍ ኩባንያ ግን የለም። ፋስት ፎርዋርድን የደገፈው የእንግሊዝ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሕክምናቸው ሂደት አንድ ወቅት ላይ ጨረር እንደሚያስፈልጋቸው ይገመታል፤ ቢሆንም ስለ ካንሰር ከምንሰማቸው የሙከራ ዜናዎች አብዛኞቹ የመድኃኒት ናቸው። የሚጠየቀውን ጥያቄ የሚወስነው ከፋዩ ነው።

መቀነስ ከተፈተነ መጨመርም መፈተን ነበረበት። ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የማይችል የሦስተኛ ደረጃ የሳንባ ካንሰር ለረጅም ጊዜ በ60 ግሬይ ሲታከም ቆይቷል። ዕጢው ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ስለሚመለስ መጠኑን ከፍ ማድረግ አመክንዮአዊ ነበር፤ ትናንሾቹ የመጀመሪያና የሁለተኛ ምዕራፍ ጥናቶችም 74 ግሬይ ድረስ መሄድ እንደሚቻል አመልክተው ነበር። በአሜሪካ የተካሄደ ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ሁለቱን መጠኖች በዕጣ ሲያወዳድር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። 60 ግሬይ ከተሰጣቸው ግማሾቹ ከ28.7 ወራት በላይ ሲኖሩ፣ 74 ግሬይ ከተሰጣቸው ግማሾቹ ከ20.3 ወራት በላይ መኖር አልቻሉም። ከፍተኛውን መጠን የሚወስደው ቡድን በ2011 እንዲዘጋ የተደረገው በየጊዜው መረጃውን የሚመረምረው አካል መጠኑ እንደማይበልጥ ግልጽ ሆኖ ስላገኘው ነው። ልብ የተቀበለው ተጨማሪ ጨረር ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታሰባል። ይህ ሙከራ ባይደረግ ኖሮ ስንት ሐኪም በቅን ልቦና 74 ግሬይ ያዝዝ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

የጨረር ሙከራን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን «መድኃኒቱ» በሰው እጅ የሚሠራ መሆኑ ነው። ሐኪሟ በጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተር ስክሪን ፊት ተቀምጣ የአንዲት የራስና አንገት ካንሰር ታካሚን ሲቲ ስካን ሦስት ሚሊሜትር በሦስት ሚሊሜትር እየቆረጠች ታያለች፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ዕጢውን በአንድ ቀለም፣ የካንሰር ሕዋስ ሊሸሸግበት የሚችለውን ዙሪያ በሌላ ቀለም፣ የምራቅ ዕጢውን፣ የአከርካሪውን ነርቭ በሌላ ቀለም ትከባለች። መስመሩ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ቢወጣ ታካሚዋ ዕድሜዋን ሙሉ አፏ ይደርቃል፤ ወደ ውስጥ ቢገባ ካንሰሩ የተረፈ ጥግ ያገኛል። ከዚያ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ጨረሩ ከየትኛው አቅጣጫ፣ በምን ያህል እንደሚገባ ያሰላል። ፊቷን የሚይዘው የፕላስቲክ ጭምብል በትክክል ካልገጠመ ይህ ሁሉ ስሌት ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል።

የዚህ እጅ ሥራ ክብደት የታየው ሌላ ነገር ሊፈትን በተነሣ ሙከራ ላይ ነው። በአውስትራሊያ ቡድን የተመራ ዓለም አቀፍ ጥናት ቲራፓዛሚን የተባለ መድኃኒት በራስና አንገት ካንሰር ላይ ከጨረርና ሲስፕላቲን ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር ሲጨመር ይጠቅም እንደሆነ ፈተነ፤ አልጠቀመም። ባለሙያዎች የታካሚዎቹን የጨረር ዕቅዶች አንድ በአንድ ሲመረምሩ ግን 12 በመቶ ያህሉ ዕጢውን ለመቆጣጠር የሚያሰጋ ከባድ ጉድለት ነበረባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚህ ታካሚዎች በሕይወት የነበሩት 50 በመቶ ሲሆኑ፣ በደንብ የታቀደላቸው 70 በመቶ ነበሩ። ጥቂት ታካሚዎችን ብቻ ያስመዘገቡ ማዕከላት ውስጥ ጉድለቱ ብዙ ታካሚ ካስመዘገቡት በጣም የበዛ ነበር። ሃያ በመቶ ነጥብ ማለት አብዛኞቹ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች የማያልሙት ልዩነት ነው። መድኃኒቱ ቢሠራ እንኳ በዚህ ጫጫታ ውስጥ ድምፁ ሊሰማ ይችል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ጥሩ የሚባሉ የጨረር ሙከራዎች ታካሚው ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን ማዕከላዊ ቡድን እንዲያየው ያስገድዳሉ።

ጨረርን ከሌላ ሕክምና ጋር ማጣመር በአንጻሩ ትልልቅ ድሎች የተገኙበት መስክ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር አምስት ሙከራዎች በተከታታይ በሲስፕላቲን ላይ የተመሠረተ ኬሞቴራፒ ከጨረሩ ጋር በአንድ ጊዜ ሲሰጥ የመሞት አደጋን ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ ስላሳዩ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በፌብሩዋሪ 1999 ለሐኪሞች አስቸኳይ ማሳሰቢያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ብዙ አልተንቀሳቀሰም። በ2024 የታተመው ኢንተርሌስ የተባለው ሙከራ 500 ሴቶችን አሳትፎ ከዚህ የጨረርና የኬሞቴራፒ ጥምር በፊት ስድስት ሳምንት ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የተባሉ የቆዩና በሰፊው የሚገኙ መድኃኒቶችን ማስቀደም የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ምጣኔን ከ72 ወደ 80 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። በዚህ ውጤት የምደሰትበት ልዩ ምክንያት አለኝ፤ መድኃኒቶቹ አዲስ አይደሉም፣ አዲሱ የአሰጣጣቸው ቅደም ተከተል ነው።

ቅደም ተከተል በሳንባ ካንሰር ላይም ወሳኝ ሆኖ ታይቷል። ዱርቫሉማብ የተባለው፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል ከልጓሙ የሚፈታ መድኃኒት ከጨረርና ከኬሞቴራፒ በኋላ ሲሰጥ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ከ33.4 ወደ 42.9 በመቶ ከፍ አሉ፤ ያንኑ መድኃኒት ከጨረሩ ጋር በአንድ ጊዜ የጀመረው ተከታይ ሙከራ ግን ጥቅም አላሳየም። መድኃኒቱ አንድ፣ ጨረሩ አንድ፤ የተለየው ሰዓቱ ነው። በላብራቶሪ ያማረ ሐሳብ ሁሉ በታካሚ ላይ እንደማያምር የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ ደግሞ በኤችፒቪ ቫይረስ የሚመጣው የጉሮሮ ካንሰር ነው። በሽታው በደንብ ስለሚድን ከባዱን ሲስፕላቲን በለዘብተኛው ሴቱክሲማብ መተካት አስተዋይነት መስሎ ነበር። በ2018 የወጡ ሁለት ሙከራዎች ግን ሴቱክሲማብ የወሰዱት በብዛት እንደሞቱ አሳዩ፤ በአንዱ ሴቱክሲማብ ከወሰዱት አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 77.9 በመቶ ሲሆኑ ሲስፕላቲን ከወሰዱት 84.6 በመቶ ነበሩ። መቀነስ ሁልጊዜ ያዋጣል የሚል ሰው ይህን ይዞ ያስብበት።

በትንሽ ሙከራ ላይ ትልቅ ተስፋ መገንባትም የራሱ አደጋ አለው። ሳብር ኮሜት የተባለው 99 ታካሚዎች ብቻ የነበሩት የሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ካንሰሩ ከአንድ እስከ አምስት ቦታ ብቻ የተሰራጨባቸውን ሰዎች ወስዶ እያንዳንዱን ቦታ በትክክል ያነጣጠረ ከፍተኛ ጨረር መስጠት የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ምጣኔን ከ17.7 ወደ 42.3 በመቶ እንዳሳደገ ዘገበ፤ ጨረሩ ከተሰጣቸው ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች ከሕክምናው ጋር በተያያዘ ሞተዋል። በጡት ካንሰር ላይ ብቻ ያተኮረ ሌላ ሙከራ በ2022 ሲቀርብ ግን ጥቅም አላገኘም። ሁለቱ የግድ አይጋጩም፤ የተለያየ ካንሰር፣ የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ሆኖም በመጀመሪያው ዜና ብቻ ተነሥቶ ለሁሉም ይሰጥ ማለት ችኮላ ነው።

ጨረሩን ጨርሶ የመተው ጥያቄ ደግሞ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ጥሩ ማሳያ ነው። ፕራይም ሁለት የተባለው ሙከራ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ዕጢያቸው ትንሽና ለሆርሞን ሕክምና የሚመልስ 1326 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በአሥር ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው ጨረር ከተሰጣቸው 0.9 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 9.5 በመቶ ነበሩ፤ በሕይወት የነበሩት ግን 80.7 እና 80.8 በመቶ ናቸው። አንድ ጋዜጠኛ «ጨረር ካንሰር የመመለስ ዕድልን በዘጠና በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሌላው «ጨረር ዕድሜ አያራዝምም» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ከመቶ ሴቶች ዘጠና ያህሉ ጨረር ባይሰጣቸውም ካንሰሩ አይመለስባቸውም ነበር። የቀሩት ዘጠኝ ያህሉ እንደገና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ይህን የሚመዝነው ስታቲስቲክስ አይደለም።

ስለ «አላውቅም» ስናወራ ሳይነገር የቀረበትን ዘመን መዝለል አይቻልም። በአሜሪካ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ከ1960 እስከ 1971 ድረስ ዘጠና ለሚሆኑ የካንሰር ታካሚዎች መላ ሰውነታቸው ወይም ከፊሉ በአንድ ጊዜ ጨረር እንዲቀበል ተደርጓል። ገንዘቡ የመጣው ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ሲሆን ሚኒስቴሩ ማወቅ የፈለገው በኑክሌር ጦርነት ውስጥ ጨረር ወታደርን ምን እንደሚያደርገው ነበር። ታካሚዎቹ አብዛኞቹ ድሆች፣ ብዙዎቹም ጥቁሮች ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት እንኳ አልነበረም። ዛሬ አንድ ታካሚ የምትፈርመው ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት አሰልቺ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ከኋላው አንድ ያልተነገረው ሰው አለ።

ወረቀቱ ግን ንግግሩን አይተካም፤ ንግግሩም ራሱ ሊፈተን እንደሚችል ያሳየው ፕሮቴክት የተባለው የእንግሊዝ የፕሮስቴት ካንሰር ሙከራ ነው። ሙከራው ሦስት ነገሮችን ያነጻጽራል፤ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ እና በሽታውን በየጊዜው እየመረመሩ መከታተል። መጀመሪያ ላይ ዕጣውን የሚቀበሉ ወንዶች ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጄኒ ዶኖቫንና ባልደረቦቿ ሐኪሞችና ነርሶች ከታካሚዎች ጋር የሚያደርጉትን ንግግር በድምፅ እየቀዱ ሲያዳምጡ ችግሩን አገኙት፤ ባለሙያዎቹ ሦስቱን አማራጮች እኩል አያቀርቡም፣ ክትትሉን ሲገልጹ የሚጠቀሙበት ቃልም ለታካሚው «ምንም ሳይደረግልህ ሞትህን ጠብቅ» የሚል ሆኖ ይሰማ ነበር። ስሙ ንቁ ክትትል ተብሎ ሲቀየርና ባለሙያዎቹ የማያውቁትን ነገር አለማወቃቸውን በግልጽ እንዲናገሩ ሲሠለጥኑ ዕጣውን የሚቀበሉት ወደ 70 በመቶ ደረሱ።

እነዚያ 1643 ወንዶች ከአሥራ አምስት ዓመት ክትትል በኋላ በ2023 መልሱን ሰጡ። በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከክትትል ቡድኑ 17፣ ከቀዶ ሕክምናው 12፣ ከጨረሩ 16 ሲሆኑ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። የቀረው ልዩነት በኑሯቸው ላይ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሽንታቸው ስለሚያመልጣቸው ፓድ የሚጠቀሙት ከቀዶ ሕክምናው ቡድን 24 በመቶ፣ ከጨረሩ 8 በመቶ ሲሆኑ፣ ሰገራ የሚያመልጣቸው ደግሞ ከጨረሩ ቡድን 12 በመቶ፣ ከሌሎቹ ሁለቱ 6 በመቶ ናቸው። ዛሬ ተመሳሳይ በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን «እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሐኪሙ እነዚህን ቁጥሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ከሦስቱ የትኛው ያሳስብዎታል?» ብሎ መልሶ ሊጠይቀው ይችላል።